ፓምፑ ለምን ከበደው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

መስኖ ስለተጀመረ ነው መሰለኝ ሰሞኑን ከመጡት ጥያቄዎች ግማሹ ስለ ፓምፕ ነው፣ ከደራ አለ፣ ከዘጌ አለ፣ ከባህር ዳሩ ፖሊ ግቢም ሳይቀር አለ። ስለዚህ የሶላርና የስልክ ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው እትም ታገሱኝ፣ ዛሬ የሚሽከረከር ፓምፕና ሰበቃ (መፋተግ) ላይ ብቻ ነን። ጥያቄዎቹ ረዘም ያሉ ስለነበሩ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ደራ ነን፣ ጉማራ ዳር ሽንኩርት እናለማለን። ተሰባስበን የገዛነው በናፍጣ ሞተር፣ በቺንጋ የሚዞር ትልቅ ፓምፕ አለን። ሻፍቱ ጋ ውሃ ያንጠባጥብ ስለነበር መካኒክ ጠርተን አጠበቀልንና ቆመ። ከዛ ወዲህ ግን ሞተሩ ይከብደዋል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ሻፍቱ ደሞ እጅ አያስነካም። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ያ ጠብታ'ኮ ብልሽት አልነበረም። እንዲህ አይነት ፓምፕ ላይ ሻፍቱ የሚወጣበት አንገት ላይ ቅባት የተነከረ ገመድ ይጠመጠማል፣ ፓኪንግ የሚሉት፣ እሱን ሁለት ዳዶ እየተጫነው ሻፍቱን ያቅፋል። ገመዱ ቆሞ ሻፍቱ እየዞረ ስለሆነ በደረቁ ከተፋተጉ ይቃጠላሉ፣ እንዳይቃጠሉ የምታረጋቸው በመሃል ሾልካ የምትወጣዋ ውሃ ናት፣ ታለሰልሳለች፣ ሙቀቱንም ይዛ ትወጣለች። በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጠብታ ገደማ ቢያንጠባጥብ ጤነኛ ነው። መካኒኩ ጭራሽ ሲያቆማት እጅ ፍሬን ሳይለቁ መንዳት በሉት፣ ናፍጣችሁ ውሃ በመግፋት ፋንታ ሻፍት እያሞቀ ነው።

አሁን ሞተሩን አጥፍተው ሻፍቱ እስኪበርድ ይጠብቁና ሁለቱንም ዳዶ ያላሉ፣ ከዛ አስነስተው ውሃው ደህና አርጎ ይፍሰስ። ቀጥሎ ሁለቱን እኩል እኩል ማጥበቅ ነው፣ በአንዴ አንድ ስድስተኛ ዙር ብቻ፣ ማለትም ከዳዶው ስድስት ጎን አንዱን ያህል፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ ማየት፣ ካልቀነሰ ደግሞ መጨመር። (ጋቢዎን አውልቀው ይስሩ አደራ፣ ቺንጋው አጠገብ ነው ያሉት።) ገመዱ የተቃጠለ የተቃጠለ ከሸተተ ግን በማላላት አይድንም፣ ሁሉንም ቀለበት አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው፣ የተቆረጡበት ጫፎች ባንድ መስመር እንዳይገጥሙ እያዟዟሩ። ሻፍቱን ደሞ በጥፍርዎ ይዳብሱት፣ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካበጀ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከል ወይ እጅጌ (ሻፍቱን የሚያለብስ የብረት ሽፋን) ይግባለት፣ አለዚያ አዲሱን ገመድ እንደ ሞረድ ነው የሚበላው።

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን የፓኪንግ ነገር ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው፣ ጉዱ ያለው ቱቦው ላይ ነው። የፓምፑ አፍ 3 ኢንች ሆኖ ርካሽ ነው ተብሎ 2 ኢንች ቱቦ የሚገጠምበት ማሳ ስንቱ ነው! ያንኑ ያህል ውሃ በ2 ኢንች ቱቦ ለመግፋት ቱቦው ውስጥ ብቻ የሚባክነው ግፊት ከ3 ኢንቹ ከ7 እጥፍ በላይ ነው፣ ሰበቃው በስፋቱ አምስተኛ ፓወር ነውና የሚወርደው። ሁለተኛው ደሞ የመሳቢያው ከፍታ ነው። ሻጩ እስከ 7 ሜትር ይስባል ያላችሁ በባህር ወለል ስሌት ነው። አየሩ ውሃ የሚገፋው እዛ እስከ 10.3 ሜትር ሲሆን እናንተ ያላችሁበት የጣና ዳር ግን ከባህር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ወደ 8.3 ይወርዳል፣ ቱቦውና ወንፊቱ የሚበሉት ሲቀነስ ከ5 ሜትር ባያሳልፉ ይሻላል። ሞተሩም በቀጭኑ አየር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ ቱርቦ ከሌለው ከ15 በመቶ በላይ እዚሁ ቀርቷል፣ እቃው ላይ የተለጠፈውን ፈረስ ጉልበት እንዳያምኑት። በግንቦት ወንዙ ሲሸሽ መሳቢያውን ከማስረዘም ፓምፑን ራሱን ወደ ውሃው ማውረድ ነው። ውስጡ ጠጠር የሚፈጭ አይነት ድምጽ ካሰማ ደሞ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታ አይደለም፣ ውሃው በመሳቢያው በኩል እየተነነ አረፋው ኢምፔለሩ (ውስጥ የሚዞረው ባለ ክንፍ ጎማ) ላይ እየፈነዳ ነው፣ ብረት ይቦረቡራል።

ጥያቄ፦ ፖሊ ሜካኒካል ነኝ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ሰበቃው ዝቅ ያለ ቬን ፓምፕ ዲዛይን ማድረግ ነው። አድቫይዘሬ ክሊራንሱን (በክፍሎቹ መሃል ያለውን ክፍተት) አስፊው ይሉኛል፣ የወርክሾፑ ቴክኒሺያን ደሞ አጥብቢው ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህታለም፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን ስለተለያየ ፈሳሽ የሚያወሩ ነው የሚመስለኝ። አንቺስ ምን ልትገፊበት ነው? እሱን አልጻፍሽም፣ ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እዛ ላይ ነው።

ለሌሎቻችሁ፣ ቬን ፓምፕ ክብ ቤት ውስጥ ከመሃል ጠጋ ተደርጎ የተቀመጠ ሮተር ነው፣ ሮተሩ ላይ ቦዮች ተሰንጥቀዋል፣ ቦዮቹ ውስጥ ወጣ ገባ የሚሉ ጠፍጣፋ ምላሶች አሉ፣ ሲዞር ምላሶቹ ወጥተው ግድግዳውን እየታከኩ ፈሳሹን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይጠርጉታል። አዲስ ነገር አይደለም፣ ጣልያናዊው መሃንዲስ ራሜሊ በ1588 እ.ኤ.አ. ስሎታል።

እና በማናቸውም ሁለት ክፍሎች መሃል ያለችው ክፍተት ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። ፈሳሹ ይጎተታል፣ እሱ ሰበቃ ነው፣ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። ፈሳሹ ደሞ ወደ ኋላ ይሾልካል፣ ይሄኛው በክፍተቱ ኪዩብ ነው የሚያድገው። 0.05 ሚሊ ሜትር የነበረውን 0.1 ብታደርጊው ጉተታው በግማሽ ይወርድልሻል፣ ሹልከቱ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ዝም ብሎ ሲታይ ማጥበቡ የሚያዋጣ ይመስላል፣ እዚህ ጋ ነው ቪስኮሲቲ፣ የፈሳሹ ውፍረት ማለት ነው፣ የሚገባው፣ ጉተታውን ያበዛል ሹልከቱን ይቀንሳል። የምግብ ዘይት በ20 ዲግሪ ከውሃ ከ50 እጥፍ በላይ ስለሚወፍር ለዘይት ክፍተቱን ብታሰፊው እምብዛም አይሾልክም፣ ሰበቃው ግን በደንብ ይቀንስልሻል፣ አድቫይዘርሽ ያሉት ይሄን ነው። በውሃ ደሞ ጉተታው ከመነሻውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ክፍተት ካሰፋሽ ግን የገፋሽው ውሃ ተመልሶ ወደ መሳቢያው ይሄዳል፣ ስለዚህ ቴክኒሺያኑ ልክ ነው። ሁለቱን ሃይል ደምረሽ ትንሹ ድምር የሚገኝበትን ክፍተት ፈልጊ፣ ኤክሴል ይበቃሻል፣ ለዚህ ሲሙሌሽን ምናምን አያስፈልግም።

የምላሱ ጫፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዛ ክፍተት የለም፣ ንክኪ ነው። ምላሱን ወደ ውጪ የሚገፋው ሴንትሪፉጋል ሃይል በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል፣ ጫፉ የሚንሸራተትበት ፍጥነት ደሞ ለብቻው ያድጋል፣ ሲባዙ ከዚህ ሃይል የሚመጣው የሰበቃ ብክነት ኪዩብ ይሆናል፣ ፍጥነቱን እጥፍ ስታደርጊ 8 እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ ምላሱን ማቅለል ነው፣ ከብረት ይልቅ ካርቦን ግራፋይት ወይ ደህና ፕላስቲክ። ሁለተኛው ከምላሱ ስር የምታስገቢው ግፊት ነው፣ ብዙ ሰው ዙሪያውን ሙሉ የመግፊያውን ግፊት ያስገባበትና በመሳቢያው በኩል ከላይ የሚመልሰው ስለሌለ ምላሱ ግድግዳውን ይጋጠዋል፣ እና በመሳቢያው በኩል ላሉት የመሳቢያውን ግፊት፣ በመግፊያው በኩል ላሉት የመግፊያውን ብትሰጫቸው ይመጣጠናል። ሶስተኛ ጫፉን ስለታም አታድርጊው፣ ትንሽ ክብ ስታደርጊው ፈሳሹ ከፊቱ እንደ ሽብልቅ እየገባ ያነሳዋል፣ ጀርመናዊው ሽትሪቤክ በ1902 እ.ኤ.አ. ለኩሽኔታ ያሳየው ኩርባ እዚህም ይሰራል፣ በጣም በቀስታ ሲዞር ብረት ለብረት ነው፣ ፍጥነት ሲጨምር በመሃል ስስ የፈሳሽ ሽፋን (ፊልም) ይፈጠርና ሰበቃው ይወርዳል፣ ካለፈ በኋላ ደሞ የፈሳሹ ጉተታ መልሶ ያወጣዋል። ውሃ ግን ቀጭን ስለሆነ ያን ፊልም በቀላሉ አይሰጥሽም፣ ለውሃ ከሆነ በፊልም ላይ ሳይሆን በማቴሪያል ምርጫ ላይ ነው መተማመን ያለብሽ።

ከዛ ራቅ ያሉ መንገዶች አሉ፣ ወርክሾፑ ከቻለ። ምላሱን በጎን በኩል ባለ ቀለበት ይዞ ጫፉ ግድግዳው ጋ ሊደርስ ሲል ማስቆም ይቻላል፣ አይነካም፣ ሰበቃው ወደ ቀለበቱ ኩሽኔታ ይሄዳል። ወይ የቤቱን የውስጥ ሽፋን ራሱን አብሮ እንዲዞር ማድረግ፣ የመንሸራተቻ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል። በምላስ ፋንታ ሮለር የሚጠቀሙም አሉ፣ ትራክተር ላይ የሚገጠሙ የመድሃኒት መርጫዎች ላይ ይገኛል። የምላሱን ቁጥር መቀነስም ሰበቃ ይቀንሳል፣ ግን ፍሰቱ ይንቀጠቀጥብሻል፣ እኔ ከ6 በታች ባትወርጂ እላለሁ። ኩሽኔታውን አትርሺ ደሞ፣ አንድ መሳቢያና አንድ መግፊያ ብቻ ካለሽ ግፊቱ ሻፍቱን ወደ አንድ ጎን ነው የሚጫነው፣ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቪከርስ ቤቱን ሞላላ አርጎ ሁለት መሳቢያና ሁለት መግፊያ ፊት ለፊት ሲያስቀምጥ የሁለቱ ጎን ጭነት ተመጣጠነ፣ የመኪና መሪ ፓምፖች እስከዛሬ በዚሁ ነው የሚሰሩት።

አንድ ነገር አደራ፣ ገበያ ላይ ናይለን ዘንግ በቀላሉ ስለሚገኝ በሱ ልስራው እንዳትዪ። ናይለን ውሃ ይጠጣል፣ ይነፋል፣ በደረቁ ለክተሽ የሰጠሽው 0.05 ከጥቂት ቀን በኋላ የለም፣ ምላሱ ቦዩ ውስጥ ይነክሳል። አሴታል የሚባለው ፕላስቲክ በጣም ያነሰ ነው የሚጠጣው። ሮተሩን ከግራና ቀኝ የሚዘጉትን የጎን ሳህኖችም እያቸው፣ ሰው ሁሉ ጫፉ ላይ ሲጨነቅ ትልቁ ስፋት ያለው የሮተሩ ሁለት ጎን ላይ ነው።

ስትለኪ ዋጋው ውድ የሆነ ቶርክ ሜትር (የመጠምዘዝ ሃይል መለኪያ) ከሌለ ሻፍቱ ላይ ፑሌጃ አድርጊ፣ ገመድ ጠምጥሚ፣ ፈሳሽ ሞልተሽ ያለ ግፊት ክብደት ስቀዪበት። በ5 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ 1 ኪሎ አስነስቶ እኩል ካዞረው 0.49 ኒውተን ሜትር ነው፣ ያ ቶርክ በደቂቃ በ1,000 ዙር ቢቀጥል 51 ዋት ገደማ ለሰበቃ ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። በሚሰራበት ፍጥነት ቶርኩ ስለሚለወጥ የመጨረሻ ቁጥርሽ አይደለም፣ ሁለት ዲዛይን ለማወዳደር ግን በጣም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ውስጥ ኑግ እንጨምቃለን። ዘይቱን ከማጥለያው ጋን ወደ ፊልተር የሚገፋልን የማርሽ ፓምፕ ታህሳስና ጥር ጠዋት ሲነሳ ብሬከር ይጥላል፣ ከረፋዱ በኋላ ሰላም ነው። ሞተሩን በትልቅ እንቀይረው? ወይስ ሎብ ፓምፕ ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ሞተሩን ተዉት። ያን ሰሞን ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ዘይቱ ደሞ በበረደ ቁጥር ይወፍራል፣ የማርሽ ፓምፕ ውስጥ ያለው ጠባብ ክፍተት ሁሉ በዛ ወፍራም ዘይት ተይዟል። (የናንተ ኑግ ሆኖ ነው እንጂ ፓልም ቢሆን ጭራሽ ይረጋ ነበር።) ትልቅ ሞተር ብታስገቡ ብሬከሩ ይቆም ይሆናል፣ ማርሹና ማርሹን ከሻፍቱ ጋር የሚያስረው ቁልፍ ግን ይሰበራል።

መፍትሄው ትልቅ ፓምፕ በቀስታ ማዞር ነው። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፣ ግን አስቡት፣ በየዙሩ እጥፍ የሚይዝ ፓምፕ በግማሽ ፍጥነት ቢዞር የሚገፋው ዘይት ያው ነው፣ ፈሳሹ በመጎተቱ የሚባክነው ሃይል ግን ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ያ ብክነት በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ለዛሬ ገንዘብ ከሌለ ፑሌጃውን ቀይራችሁ ፍጥነቱን አውርዱት፣ ፊልተሩ ትንሽ ይዘግያል እንጂ ሌላ ችግር የለውም። መሳቢያው ወፍራምና አጭር ይሁን፣ ፓምፑም ከዘይቱ ወለል በታች ይቀመጥ፣ ወፍራም ዘይት በመሳብ አይመጣም፣ በራሱ ክብደት ነው መምጣት ያለበት።

የፋጉሎ ደቃቅ ደሞ ማርሹን ይጨርሰዋል፣ ከመሳቢያው በፊት ሰፋ ያለ ወንፊት አድርጉ። ሎብ ፓምፕ ብንገዛስ ላላችሁት፣ ጥሩ ነው፣ ሎቦቹ አይነካኩም፣ ለብቻው ዘይት ቤት ውስጥ ያለ ማርሽ ነው ጊዜያቸውን የሚጠብቅላቸው፣ ዋጋው ግን ለናንተ ስራ አያዋጣም ባይ ነኝ። በመጨረሻ፣ ፓምፑ ላይ ሪሊፍ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ ከፍቶ የሚያስተነፍስ) መኖሩን ዛሬውኑ እዩ። የማርሽ ፓምፕ እንደ ውሃ ፓምፕ አይደለም፣ ፊት ለፊቱ ያለው ቫልቭ ቢዘጋበት አይቆምም፣ የሆነ ነገር እስኪፈነዳ ነው የሚገፋው።

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ላይ በማግኔት ብቻ የሚዞር፣ ሰበቃ የሌለው ፓምፕ አየሁ፣ ነዳጅም መብራትም አይፈልግም። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሰበቃውን ዜሮ አርገነዋል እንበልና 1,000 ሊትር ውሃ 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ 98 ኪሎጁል የግድ ያስፈልጋል፣ እሱ የሰበቃ ወጪ አይደለም፣ የውሃው ክብደት ነው። ቋሚ ማግኔት ያንን ከየትም አያመጣውም። ቪዲዮው ላይ ጠረጴዛው ስር ምን እንዳለ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ባህር ዳር። የልብ ፓምፕ የሚባለው ያለ ኩሽኔታ ነው የሚዞረው ሲሉ ሰማሁ፣ ከላይኛው ጋ አንድ ነው?

መልስ፦ ይሄኛውስ እውነት ነው። ሃርትሜት 3 የሚባለው በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሮተሩ በማግኔት ተንሳፎ ነው የሚዞረው፣ ግድግዳ አይነካም። ግን በባትሪ ነው የሚሰራው፣ ማግኔቱ የሚያንሳፍፍ እንጂ ነጻ ጉልበት የሚሰጥ አይደለም። እዛ ሰበቃን የሚሸሹት ለኤሌክትሪክ ብለው ብቻ አይደለም፣ ጠባብ ክፍተት ውስጥ በሃይል የተጎተተ ደም ቀይ ህዋሱ ይቀደዳል፣ ሙቀት ያለበት ቦታ ደሞ ይረጋል። ስለዚህ በሮተሩ ዙሪያ ሰፊ ክፍተት ትተዋል፣ ሹልከቱን ችለው ማለት ነው፣ ከላይ ለፖሊዋ ተማሪ እንዳልኳት።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነኝ፣ ጀልባ እነዳለሁ። የሞተሬ የውሃ ፓምፕ ጎማ በየጊዜው ይቃጠላል፣ ኦሪጅናል ነው ብለው የሸጡልኝም ያው ነው። ጎማው ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ ወንድማለም፣ እምቦጩ ነው፣ ቢያንስ ግማሹ። የጀልባ ሞተር ማቀዝቀዣ ፓምፕ ከላስቲክ የተሰራ ባለ ክንፍ ጎማ ነው፣ ክንፎቹ ታጥፈው ነው ቤቱ ውስጥ የሚገቡት፣ በአንድ በኩል ይበልጥ ይታጠፋሉ በሌላው ይዘረጋሉ፣ ሲዘረጉ ውሃ ይስባሉ ሲታጠፉ ይገፋሉ። ግድግዳውን እየታከከ ስለሆነ የሚያለሰልሰው የሚስበው ውሃ ብቻ ነው፣ መሳቢያው ወንፊት ላይ እምቦጭ ወይ ሳር ከተለጠፈበት በደረቅ ነው የሚፋተገው፣ ያኔ ለመቃጠል አንድ ደቂቃም አይፈጅበት። ሞተሩን ለመሞከር ብሎ የብስ ላይ ማስነሳትም ያው ነው፣ እሱን ታደርጋለህ? ብዙዎቻችሁ ታደርጋላችሁ።

የሚገርመው በቀስታ ስትነዳ ነው ጎማው የሚታከከው፣ ጋዝ ስትሰጠው ክንፎቹ ከውሃው ግፊት የተነሳ ከግድግዳው ይሸሹና እንደ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ይሰራል። ስለዚህ ወደብ ላይ ተሳፋሪ እየጠበቁ ሞተሩን ሳያጠፉ ለረጅም ጊዜ በዝቅተኛ ዙር (አይድል) ማቆየት፣ በዛ ላይ በክረምት የርብና የጉማራ ደለል ያለበት ውሃ ሲሆን፣ ጎማውንም ቤቱንም ይሞርደዋል። ቤቱ ከተጫረ በኋላ ደሞ የፈለግኸውን ኦሪጅናል ብትገዛ አይበረክትም፣ ሁለቱን አብረህ ቀይር።

ከሞተሩ ጀርባ የምትተፋውን ቀጭን ውሃ እያየህ ንዳ፣ ከሳሳች ወዲያው አጥፋና ወንፊቱን አጽዳ። አዲሱን ጎማ ስታስገባ ግራሶ አትቀባው፣ የሳሙና ውሃ ይበቃዋል፣ ክንፎቹም ወደሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ተኝተው ይግቡ። ለብዙ ወር ጀልባውን የምታቆም ከሆነ ጎማውን አውጥተህ አስቀምጠው፣ ታጥፎ ከከረመ ታጥፎ ይቀራል። የድሮውን ስታወጣ ደሞ ክንፎቹን ቁጠራቸው፣ አንዱ ከጎደለ ወደ ላይ ወጥቶ ማቀዝቀዣ መስመሩ ወይ ቴርሞስታቱ ጋ ተሰንቅሮ ነው ያለው፣ ቁራጩን ሳታገኝ ሞተሩን መልሰህ እንዳትገጥም።